ከቡፌው ጀርባ ያለው የጂዳ ትራንስፎርመር

እኔ የሠራሁት ቡፌ ከግድግዳ ጋር ይሳሳማል። ጉራ አይደለም፤ የቤት ዕቃ ሠሪዎቹ ከተማ ዱምያት ወርዳችሁ የአናጺውን የኡስታ ሪፋዒን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእጄ የወጣ ቡፌ ጀርባው ግድግዳ ላይ ሲገጥም ወረቀት አያሳልፍም። ከቀሩኝ ኩራቶች ትልቁ እሱ ነው፤ ሌላውን ኩራቴን ሚስቴና ኩላሊቴ ተካፍለው ጨርሰውታል።

ስለዚህ ያን ሐሙስ ታንታ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ተሸካሚዎች ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ ያወጡትን ቡፌ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ስንገፋው ከስንዝር በላይ ሲቀረው "ጓ" ብሎ ቆመ። መጀመሪያ የተቆጣሁት ተሸካሚዎቹን ነው።

"ግፉ እንጂ! ቁርስ አልበላችሁም?"

"ኡስታ፣ የሆነ ነገር ይዞታል።"

"የያዘው ስንፍናችሁ ነው!"

አንዱ ላቡን በክንዱ እየጠረገ "እስቲ ራስህ እየው" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ከቡፌው ጀርባ አየሁ። የግድግዳው ሶኬት ላይ ጡብ የሚያህል ጥቁር ትራንስፎርመር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ገመድ የለውም፤ ጥርሶቹ ከራሱ ጀርባ ላይ የበቀሉ ናቸው፣ ስለዚህ እንዳለ ሶኬቱ ላይ ይቀመጣል። እሱ ግንባር ላይ ደግሞ ሌላ ጥቁር ሣጥን፣ ከሱ አነስ ያለ አዳፕተር፣ ተሰክቷል። ሁለቱ ተደራርበው ከግድግዳው ስንዝር ከአራት ጣት ወጥተዋል። ክብደታቸው ሶኬቱን ነቅሎ እንዳይጥለው አንድ ሰው ከበላያቸው ሚስማር መትቶ በሲባጎ አስሯቸዋል። ሲባጎውን ሳይ ደሜ ፈላ።

"ሻዝሊ!"

ሻዝሊ ሙሽራው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ሲቆጣው ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ቤት የገዛበት ሕንጻ ግን ሊፍት የለውም። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አስታውሼዋለሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የአታሪው ነው፣ ኡስታ።"

እኛ ዘንድ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚጫወቱበት አሮጌ ማሽን ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ አታሪ ነው። ማሽኑን አሳየኝ፤ ግራጫ፣ ጫማ ሣጥን የማይሞላ፣ ቀላል ነገር። አንድ እጅ የማይሞላ ማሽን ለመብራቱ ብቻ ሁለት ጡብ ይፈልጋል።

"የሳዑዲ ዕቃ ነው" አለኝ። "በመቶ አስር ቮልት ነው የሚሠራው። ትልቁ ሣጥን የኛን ሁለት መቶ ሃያ ወደ መቶ አስር ያወርደዋል። ትንሹ ደግሞ መቶ አስሩን ወደ ዘጠኝ ያወርደዋል።"

"ከዘጠኝ ወዴት ይወርዳል? ምድር ቤት?"

አልሳቀም። "ንቀለው" አልኩት።

"አይነቀልም፣ ኡስታ። ቡፌው ከገባ በኋላ እኮ እጅ አይደርስም። አሁን ካልተሰካ መቼም አይሰካም።"

"ሌላ ሶኬት ላይ አድርገዋ!"

እጁን ዘርግቶ ሳሎኑን ዙሪያውን አሳየኝ። ሳሎኑ ያሉት ሶኬቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ከቡፌው ጀርባ። ቤቱ ገና ሳይለሰን፣ ጡቡ እንዳፈጠጠ፣ የሙሽሪት እናት ሐጃ ኢንሺራሕ ጠመኔ ይዘው መጥተው ከሁሉ በፊት የቡፌውን ቦታ ግድግዳው ላይ ሥለው ነበር። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን "ቡፌው መብራት አለው፤ ሶኬቶቹን እዚህ አድርግ" አሉት። ቴሌቪዥኑ ከየት መብራት ያገኛል ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ አገር ቤት የሚሠራው ለቡፌው ነው፤ ባልና ሚስት የሚኖሩት በተረፈው ቦታ ነው። የኔም ኑሮ በዚሁ ስለሆነ አልከራከርም።

"ማከፋፈያ ግዛ" አልኩት።

"ገዝቼ ነበር።" ከማዕዘን አንስቶ ሰጠኝ። ባለ አምስት ቀዳዳ ነጭ ማከፋፈያ ነው፤ ግማሹ በቃጠሎ ቡናማ ሆኗል። ትራንስፎርመሩ ሲሰካበት ከአምስቱ ቀዳዳ ሦስቱን ሸፍኖ፣ በክብደቱ ማከፋፈያውን በግንባሩ ደፍቶት፣ "ጢዝ" ብሎ አቃጥሎታል። ሽታው አሁንም አለው።

ያኔ ነው ሐጃ ኢንሺራሕ ደረጃውን ጨርሰው የገቡት። አጭር፣ ሰፊ፣ ጥቁር ዓባያ የለበሱ፣ ቦርሳቸው ከክንዳቸው የማይወርድ ሴት ናቸው። ከኋላቸው አራት አምስት ሴቶች በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸክላ ተሸክመው እልልታቸውን ያቀልጡታል። ከሁሉም ኋላ የሐጃ ወንድም ሐጅ ሚትዋሊ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። የሙሽሪት አባት ዋጊህ ጂዳ ነው የሚሠራው፤ ለሠርጉ ረቡዕ ነው የሚደርሰው። እስከዚያ በአባት ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

ሐጃ ቡፌውን አይተው እልልታውን በእጃቸው አስቆሙት።

"ኡስታ ሪፋዒ፣ ይሄ ቡፌ ምነው መሀል ቤት ቆመ? ሊሰግድ ነው?"

"ሐጃ፣ እኔን አይጠይቁኝ። ከጀርባው ድንጋይ አለ።"

ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ፊት ሆኗል። እኔ ቁጣ መሰለኝ።

"የማነው ይሄ?"

ሹሩቅ፣ ሙሽሪት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ምላሷ ከኔም የሚብስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ጠዋት ብቻ በሆዴ ሦስት ጊዜ ቀልዳብኛለች። አሁን ግን ገና አፏን ስትከፍት ሻዝሊ ቀደማት።

"የኔ ነው፣ ሐጃ።"

"ያንተ!" አሉ ሐጃ። "ያንተ! ሠላሳ ሁለት ዓመትህ ነው እኮ። ጺም አለህ። እኔ ልጄን ለወንድ የሰጠሁ መስሎኝ፤ ለሕፃን መሆኑን ባውቅ ጡጦም አብሬ እገዛ ነበር!"

ሴቶቹ ሳቁ። የሻዝሊ ጆሮ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሐጅ ሚትዋሊ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርገው ሊያበርዱ ሞከሩ።

"ኢንሺራሕ፣ እህቴ፣ ወንድ ልጅ ቡና ቤት ውሎ ከሚገባ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጫወት…"

"አንተ ዝም በል፣ ሚትዋሊ! በዚህ ነገር ማንም አፉን ቢከፍት አንተ አትከፍትም።"

ሐጅ ሚትዋሊ አንገታቸውን ደፉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

"ስማ፣ ሻዝሊ" አሉ ሐጃ። "ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የልጄን ቤት ሊያይ ይወጣል። ቡፌዋ ከግድግዳ ተጣልቶ እንዲያዩት አልፈልግም። ወይ ይሄ ነገር አሁኑኑ ወርዶ ለቆራሌው ይሰጣል፣ ወይ ዕቃው እንደገና ተጭኖ ወደመጣበት ይመለሳል። ሠርጉም አብሮት።"

ለዛቻ ብቻ ያሉት ነው የምትሉ የሙሽሪት ዕቃ ወደ አዲሱ ቤት የሚገባበት ቀን ምን እንደሆነ አታውቁም ማለት ነው። እኔ በገዛ መኪናዬ ያመጣሁትን ዕቃ በዚያው ቀን መልሼ የጫንኩባቸው ሠርጎች አሉ። አንዱ በመጋረጃ ቀለም ነው የፈረሰው። አንዱ ደግሞ የሙሽራው እናት ምድጃውን አይታ "ይሄን ያህል ሰው ትመግባለች?" በማለቷ። ስለዚህ ሻዝሊ ሮጦ ይነቅለዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነቃነቀም።

"ሐጃ፣ ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ" አለ። "ምንጣፉን ልለውጥ፣ ግድግዳውን እንደገና ልቀባ። ይሄን ግን አላወርድም።"

"ለምን?"

"ቃል ስለገባሁ።"

"ለማን ነው የገባኸው?"

እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጁን ጅል ነው የመሰለኝ። የዓመታት ልፋቱ በአንድ አሮጌ አሻንጉሊት ሊፈርስ፣ እሱ ወለሉን ያያል።

ሐጃ ቦርሳቸውን ከክንዳቸው አወረዱ። ይህን ሲያደርጉ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሶፋው ላይ ጣሉት፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጎናቸውን አጥብበው፣ በቡፌውና በግድግዳው መሀል ገቡ። እጃቸው ትራንስፎርመሩ ላይ ደረሰ።

"እማዬ፣ አትንቀዪው!"

ሹሩቅ ናት። ጩኸቷ ሴቶቹን ሁሉ አስደነገጠ።

"የሱ አይደለም" አለች። "የኔ ነው። ካንቺ አልጋ ሥር አውጥቼ ነው ያመጣሁት። ሻዝሊን ዝም እንዲል ያስማልኩት እኔ ነኝ። እሱ በሕይወቱ አታሪ ነክቶ አያውቅም፤ ትናንት ሞክሮ የጨዋታው ሰውዬ ገደል ገብቶ እስኪሞት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።"

"ግማሽ ደቂቃ" አለ ሻዝሊ፣ ቀስ ብሎ።

ማንም አልሳቀም። ሐጃ እጃቸውን ከትራንስፎርመሩ ላይ ሳያነሱ "ለምን?" አሉ።

"አባዬ ረቡዕ ይመጣላ።" ከወጥ ቤቱ በር ወደ እናቷ ቀረበች። "ሁልጊዜ እሱ ነው መጥቶ የሚሰካው። አንድ ጊዜ እንኳን፣ ሲገባ ተሰክቶ እንዲጠብቀው ፈለግኩ። በኔ ቤት። ሌላ ምንም አይደለም።"

ሐጃ ቀስ ብለው ከመሀል ወጡ። ሴቶቹን "ወጥ ቤት ግቡ" አሏቸው። ሴቶቹ ገቡ፤ የገቡት ግን ከበሩ ኋላ ድረስ ነው፣ አንዲት ሳህን ስትንቀሳቀስ አልተሰማም። ሐጃ ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ተንጫጫ።

"ለምን ከአልጋ ሥር እንደደበቅኩት ታውቂያለሽ?" አሏት።

"ስለምትጠዪው ነዋ።"

"አዎ፣ እጠላዋለሁ። አባትሽ በመጣ ቁጥር ሻንጣውን ሳይከፍት እሱን ይሰካል። አንቺ በደስታ ትዘያለሽ። ከዚያ ሠላሳ ቀን ሙሉ ሁለታችሁም ከወለል አትነሱም፤ እኔ በእናንተ ላይ እየተራመድኩ ምሳ አቀርባለሁ። እሱን እንኳ ወድጄው ነበር። ከዚያ የፈቃዱ ቀን ሲያልቅ፣ እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ ሲነቅለው እሰማለሁ። 'ጧ' ይላል። ገመዱን ይጠቀልላል። ለማንም አይተወውም፣ ራሱ ነው የሚነቅለው፤ እኔ በሌለሁበት ቤት ታቃጥላላችሁ ይላል።"

"በኔ የተነሳ ነው" አሉ ሐጅ ሚትዋሊ፣ ከዘራቸውን እያዩ። "የመጀመሪያውን ማሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ያለ ትራንስፎርመር ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጥርሱ ጠፍጣፋ ስለነበር አልገባ አለኝ፤ በፒንሳ አጣምሜ አስገባሁት። ጭሱ ሦስተኛ ጎረቤት ድረስ ሄዷል።"

በልቤ ይቅር አልኳቸው። ከሳዑዲ የመጣ መቶ አስር ዕቃ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ሰክቶ ያላቃጠለ ቤት በኛ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እኔ የጁስ መፍጫ አቃጥያለሁ፤ ገና ከካርቶን እንደወጣ፣ አማቴ ቆመው እያዩ።

ሐጃ ግን ወንድማቸውን አልሰሙም። ልጃቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"ሴት ባሏን አየር ማረፊያ ነው የምትሸኘው" አሉ። "እኔ አየር ማረፊያ ስደርስ ተሸኝቶ ያለቀ ሰው ነው። እኔ የምሰናበተው ያ ሶኬት ሲነቀል ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ሹሩቅ። አሁን ደግሞ በልጄ ቤት ልስማው?"

"ዘንድሮ እኮ ጠቅልዬ ነው የምመጣው ብሏል፣ እማዬ።"

"በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ብሏል።"

ሹሩቅ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሻዝሊ የት እንደሚቆም ጠፍቶት በሩና መስኮቱ መሀል ተገተረ። እኔ ደግሞ አፈርኩ፤ የማፍርበት ምክንያት ነበረኝ።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ይታየኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ያን ጡብ ካየሁባት ደቂቃ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ያልተናገርኩት በቡፌዬ ላይ መጨከን ስላቃተኝ ነው። ያለቀ፣ ሦስት እጅ ቀለም የጠጣ፣ በመስታወት የተሞላ ቡፌ በመጋዝ ነክቼ አላውቅም። ሠርግ ሲፈርስ ቆሜ አይቼ ቡፌዬን ደህና አድርጌ ዱምያት ልመልሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስበው ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

"ሐጃ" አልኳቸው። "ልቁረጠው?"

"ምኑን?"

"የቡፌውን ጀርባ። ታችኛው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ልክ ሶኬቶቹ ባሉበት ላይ። ሶኬቱ ራሱ ወደ ቡፌው ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ሣጥኖች እዚያው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በሩ ይዘጋባቸዋል። ቡፌው ግድግዳውን ይነካል።"

"አዲስ ቡፌ ልትበሳብኝ ነው?"

"በኔ እጅ ነው የሚበሳው። ሌላ ሰው ቢሞክረው እጁን እሰብረው ነበር።"

"ታችኛው እኮ የሳህኖቼ ቦታ ነው።"

ሳህኖቹን አየናቸው። በጋዜጣ ተጠቅልለው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል። ዳራቸው ወርቃማ፣ መሀላቸው አበባ ያለባቸው ሳህኖች ናቸው። ሹሩቅ ገና ትምህርት ቤት ሳለች ጀምረው በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱን ገዝተው፣ ማንም ሳይበላባቸው ለዚህች ቀን ያቆዩአቸው።

"ምን ያህሉን ቦታ ይወስዳል?" አሉ ሐጃ።

"የኋላውን ግማሽ።"

ልጃቸውን አዩ፣ ትራንስፎርመሩን አዩ፣ ሳህኖቹን አዩ።

"ቁረጥ" አሉኝ።

ቡፌውን ዞር አድርገን ጀርባውን ወደ ብርሃን አመጣነው። የሶኬቶቹን ከፍታ ከወለሉ ለካሁ፣ እንደገና ለካሁ፣ አላመንኩምና ሦስተኛ ለካሁ። አራቱን ማዕዘን በእርሳስ ምልክት አድርጌ በመሰርሰሪያ በሳሁ። ከዚያ ቀጭኑን መጋዝ አስገባሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ጥርሴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

"ኡስታ፣ መጋዝህ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው" አለች ሹሩቅ።

"ዕድሜ ነው።"

"ጠዋት ሆድ ነበር፣ አሁን ዕድሜ?"

ተመልሳለች ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ግን አላሳየኋትም። የቁራጩን ጫፍ በሞረድ አለሰለስኩ፣ ጣት ቢነካው እንዳይቧጭር። ትራንስፎርመሩ ስለሚሞቅ ከበላዩ ሁለት ረድፍ መተንፈሻ በሳሁለት። ከወጣው ቁራጭ እንጨት ደግሞ ትንሽ መደገፊያ ሠርቼ ከሥሩ ገጠምኩ፤ የኔ ቡፌ ውስጥ ሲባጎ አይገባም። ሻዝሊ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ሁለተኛው ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ የሶኬቱን መስመር በቡፌው ጎን በኩል አውጥቶ ማጥፊያ ገጠመለት። ሥራው ንጹሕ ነው። ሊፍት ሲጠግን ሰው አይሞትም ብዬ አመንኩ።

"በሉ ግፉ" አልኳቸው ተሸካሚዎቹን።

ገፉ። ቡፌው ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ያ የማውቀው፣ የምወደው ለስላሳ ድምፅ መጣ። ከአንድ ሳህን ላይ ጋዜጣ ቀድጄ በጀርባው ላሳልፍ ሞከርኩ። አላለፈም። ሐጃም ራሳቸው መጥተው ሞከሩ፤ ለሳቸውም አላለፈም።

ቁም ሣጥኑን ከፈትን። ሁለቱ ጥቁር ሣጥኖች እንደ ባለቤት ተቀምጠዋል። ሻዝሊ ማጥፊያውን ተጫነ፤ ትራንስፎርመሩ "እምምም" ማለት ጀመረ። ሹሩቅ ከቡፌው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ከፈተች፣ ግራጫውን ማሽን ነካች፤ ከዚያ ያ የሕፃን ሙዚቃ ቤቱን ሞላው። ከወጥ ቤት በር ኋላ አንዷ መታገሥ አቅቷት እልል አለች። ሐጅ ሚትዋሊ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣምረው፣ ከማናችንም ርቀው፣ አንዲት ነገር ላለመንካት ተጠንቅቀው ያያሉ።

ሐጃ ግን ቴሌቪዥኑን አላዩም። ቁም ሣጥኑ ፊት ቆመው የትራንስፎርመሩን ድምፅ ይሰማሉ።

"አሁን ሳህኖቹን ላይኛው ላይ እናጣብባቸው" አልኳቸው። "ከዚህ ከፊቱ ክፍት እንተውለት። ነገ የሚነቅለው ሰው እጁን ማስገቢያ እንዲያገኝ።"

"አይሆንም።"

"ምኑ?"

"ከፊቱ ነው የሚደረደሩት። ሁሉም።"

ሻዝሊ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሐጃ፣ አየር እንዲያገኝ አራት ጣት ይተዉለት እንጂ…"

"አራት ጣት እተውለታለሁ። ማጥፋትም ታጠፉታላችሁ፣ ማጥፊያው ውጭ ነው። እሳት አልፈልግም፣ ሞኝ አይደለሁም። መንቀል ግን የፈለገ ሰው ሰባ ሁለቱንም ሳህን አንድ በአንድ ያወጣል። በሁለት በሁለት አይሆንም፣ ዳራቸው ይሰበራል። እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።"

ሹሩቅ ጆይስቲኩን ይዛ ዞር አለች። "አባዬ ቢያወጣቸውስ፣ እማዬ?"

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐጃ ከንፈር ጥግ ላይ ሳቅ አየሁ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቷል።

"ያውጣ" አሉ። "እሱ አውጥቶ እስኪጨርስ አውሮፕላኑ ሄዷል።"

ዓባያቸውን ሰብስበው ቡፌው ፊት ተንበረከኩ። እኔም ጉልበቴ እየጮኸ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ሳህን ላይ ያንን ቢጫ ጋዜጣ ገፍፌ አቀበልኳቸው። ከትራንስፎርመሩ ፊት፣ አራት ጣት ትተው፣ በሁለት እጃቸው አስቀመጡት። ከዚያ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

"ሌላ" አሉኝ።